የካማላም ዝሆን

ሰው «ዘሀራ ወሬ ትወዳለች» ይላል። እውነቱን ነው። ቡሬ ላይ ስልሳ ስምንት ዓመት ተቀምጬ ወሬ ካልወደድኩ ምን ልወድ ነው። ጨው ነገድኩ፣ ሰባት ወለድኩ፣ ባሌን ቀበርኩ፤ አሁን የቀረኝ አጥር ተደግፎ ማውራት ነው። ይኼኛው ወሬ ግን የሌላ ሰው ቢሆን እመርጥ ነበር።

ካማላም ተከራዬ ነበረች፣ ህንድ። ባሏ መምህር ራጋቨን ኮሌጅ ውስጥ ሂሳብ ያስተምር ነበር። ቀጭን ረጅም ሰውዬ ነው፤ ሜዳ ላይ እንኳ ሲሄድ በር የሚያልፍ ይመስል ጎንበስ ይላል። እሷ አጭር ናት፣ ሞላ ያለች፣ ፀጉሯ እንደኔው የሸበተ። ጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ይዘው አራት ዓመት ኖሩ። መጀመሪያ ላይ እኔ በአማርኛ እሷ በራሷ ቋንቋ እናወራ ነበር፤ አንዳችን የሌላችንን አንሰማም፣ ግን ሁለታችንም አውርተን ይወጣልናል። ኋላ አማርኛ ለመደች፣ ወንዱን ሴት ሴቱን ወንድ እያደረገች። ልጄ ኑርሁሴን ያን የሚያህል ጢሙን ይዞ ከሱቅ ሲመጣ «ደህና ዋልሽ ኑርሁሴን» ትለዋለች። እሱ ፊቱን ያጠቁራል፣ እኔ እስቃለሁ። ማረም እችል ነበር፤ አላረምኳትም።

የምትጸልይበት ቦታ የውስጠኛው ክፍል ጥግ ላይ ነበር። ከደረት ከፍ ያለች የእንጨት መደርደሪያ አለቻት፤ እሷ ላይ ከነሐስ የተሠራ፣ የሰው ገላና የዝሆን ራስ ያለው፣ ሆዱ ዘርጠጥ ያለ አምላካቸው ተቀምጧል። ፒሌያር ትለዋለች። ከጎኑ በመስታወት የተሸፈነ የአንዲት ሴት ስዕል አለ፣ ውሃ ላይ የበቀለ አበባ ላይ የተቀመጠች። ትንሽ ደወል፣ የዘይት መብራት፣ ቀይ ዱቄት በቆርቆሮ፣ ከአገሯ ወንዝ የመጣ ውሃ አፏ በተደፈነ ትንሽ የመዳብ ዕቃ። ጠዋት ጠዋት ገላዋን ታጥባ ትገባና ደወሏን ታቃጭላለች። እኔ እስላም ነኝ፤ ምስል ፊት መቆም የኛ አይደለም። እሷም ይኼን ታውቃለች፣ ስመጣ በሩን ገርበብ ታደርገዋለች። ገርበብ ባለው በር በስንጥቁ ማየቱ የኔ ጥፋት ነው።

ሌላም ጥፋት አለኝ። እሱን አሁኑኑ ልናገር፣ ኋላ ስለሚመጣ።

በሦስተኛው ዓመታቸው ነው። የኮሌጁ አስተዳዳሪ መምህሩን ፈቃድ ከለከለው። ካማላም አዲስ የተወለደ የልጅ ልጇን ለማየት አገሯ ልትሄድ ነበርና ስታለቅስ ሰነበተች። በሳምንቱ አስተዳዳሪው ወደ ደምበጫ ተዛወረ። በቃ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ይዛወራል። እኔ ግን ወሬው እንዲህ ባዶውን ሲሆን አልጣመኝም። ካማላም አንድ ቀን «ፒሌያር መንገድ ይጠርጋል» ብላኝ ነበር፤ አንድ ነገር ሲጀምሩ መጀመሪያ ለሱ ነው ሰላም የሚሉት። እኔ ሆዬ አጥር ላይ ወጥቼ ጎረቤቴን እንቁን ጠራሁና «ለአንቺ ብቻ ነው» አልኳት። ካማላም ሦስት ጠዋት ደወሏን አቃጭላ፣ ለዝሆኑ ቅቤና ስኳር አቅርባ፣ የአስተዳዳሪውን ስም ከነአባቱ ጠርታ እንደነበር ነገርኳት። ስም የጠራ ሰው የለም። ቅቤውም ስኳሩም የኔ ነው፤ ከአፌ የወጣ ነው።

በገበያው ቀን ያው ወሬ ከሽንኩርት ሻጯ አፍ ወደኔ ተመለሰ። በሷ ወሬ ውስጥ መዛወሩ ቀርቷል፤ ሰውዬው ግማሽ ጎኑ ተይዟል፣ ምላሱ ተሳስሯል። እውነተኛው ሰውዬ ግን ደምበጫ ውስጥ ደህና ነው፣ እንዲያውም ወፍሯል አሉ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ለካማላም ግን አልነገርኳትም። እንደማትስቅ አውቃለሁ።

ባለፈው መስከረም ታመመች። ዓይኗ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሐኪም ቤት «አዲስ አበባ ውሰዷት» አሉ። መንገዱ ደግሞ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። አንድ ጠዋት መኪና ተገኘ ተባለ፤ ለሰው አንድ አንድ ሻንጣ ብቻ። መምህሩ መጽሐፎቹን እንኳ ትቶ ወጣ። ካማላም ክንዴን ያዘችና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ክፍል አስገባችኝ።

«ዘሀራ እህቴ» አለች። «እኔ ሂድ፣ ሁለት ወር። መጣሁ።»

«ትመጫለሽ፣ ኢንሻአላህ።»

ወደ መደርደሪያዋ አየች። «ይኼ መሬት አይደለም።»

«መሬት አላስቀምጠውም።»

«ጫማ አይደለም። ሥጋ አይደለም።»

«ጫማም ሥጋም አላስጠጋበትም።»

ከዚያ፣ «አልመጣሁ ከሆነ፣ ወንዝ» አለች። «ቆሞ ውሃ አይደለም። ልብስ ማጠብ ውሃ አይደለም። ሂድ ሂድ የሚል ውሃ። ወንዝ እምቢ ካለ ዛፍ ሥር፣ ሰው እግር የማይመጣ። ቆሻሻ አይደለም፣ ዘሀራ። መስታወቱን አውጣ፣ ወንዝ ውስጥ የልጅ እግር ይቆርጣል። ፍሬሙ ያንቺ።»

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እስከ «ሠ» ነው። ይኼ ግን ገባኝ። ባሌ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የተቀደደ የቁርኣን ቅጠል ባገኘ ቁጥር አንስቶ ስሞ በከረጢት ያጠራቅም ነበር። ከረጢቱ ከግድግዳው ላይ ከሰው ራስ በላይ ይሰቀላል። ሲሞላ ሼሁ ይወስዱትና እግር የማይረግጠው ንጹሕ ቦታ ቆፍረው ይቀብሩታል። ካማላም ስትነግረኝ የምትናገረው በኛ ቤት የሚደረገውን መሰለኝ።

«አደራሽ አንገቴ ላይ ነው» አልኳት። ወላሂ ብዬ ማልኩላት። እጄን ግንባሯ ላይ አስነካችኝና ወጣች። ጣቴ ላይ የቀረውን ቀይ በቀሚሴ ጠረግኩት።

ሁለቱ ወር ሰባት ወር ሆነ። ኔትወርክ ጠፋ። መጣ፣ ደግሞ ጠፋ። እኔ መደርደሪያዋን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ሸፈንኳት፤ ሳምንት ሳምንት ውዱእ አድርጌ እገባና አቧራዋን አራግፋለሁ። ምንም አልልም፣ የምለው ነገር የለኝም። ያ ክፍል ሰፊና ደረቅ ስለሆነ ኑርሁሴን የጨው ጆንያ ሊከምርበት ይፈልግ ነበር። ለዒድ ከታረደው የተዘለዘለውን ቋንጣም እዚያ ልትሰቅል ምራቴ ናጂሃ ገመድ ዘረጋች። ገመዱን በጠስኩት።

«እማ፣ እንግዲህ ቋንጣውን የት ልስቀለው?» አለችኝ።

«አንገትሽ ላይ» አልኳት። ሳምንት አኮረፈችኝ።

በሚያዝያ ስልክ ጠራ። መምህር ራጋቨን ነው፣ ከአገሩ ከህንድ። የሱ አማርኛ ከሷ ይሻላል፣ አንቱታውን ሁሉ አጥርቶ ይዟል።

«እማ ዘሀራ፣ ደህና ነዎት?»

«እንዴት ናት?» አልኩት። ሰላምታውን እንኳ አልመለስኩለትም።

«ካማላም ዛሬ አምስተኛ ቀኗ ነው» አለ። «አረፈች።»

በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር፣ ግን የምቀመጥበት ፈለግኩ። እሱ ቀጠለ። ሐዘናቸው አሥራ ሦስተኛው ቀን ላይ ያበቃል። በዚያን ቀን የሷ ዕቃዎች እንደተናገረችው በውሃ እንደሄዱ ቢሰማ ልቡ እንደሚያርፍለት ነገረኝ። ራሱ መጥቶ ሊያደርገው እንደማይችል ተናገረ፤ ይኼን ሲል ድምፁ ጎበጠ። «መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ» አለ። «ዘሀራ መሬት አላስቀመጠችውም አይደል፣ አለችኝ።»

«አላስቀመጥኩትም» አልኩ። «መደርደሪያው ላይ ነው ያለው።»

«ነግሬያታለሁ። እርስዎ እንደማያስቀምጡት ነግሬያታለሁ።»

እንግዲህ ስምንት ቀን አለኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሼህ አብዱረህማን ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ሁሉ፣ የበሩን ስንጥቅ ጨምሬ ነገርኳቸው። አስተዳዳሪውን ብቻ ዘለልኩ። ሼሁ ጢማቸውን እያሹ፣ «አደራ አደራ ነው ዘሀራ። የሰጠሽ ማን ነው አይባልበትም። እንዳለችሽ አድርገሽ ሸኚላት» አሉኝ። «ቶሎ ብቻ አድርጊው። አፍሽንም ያዢ።»

ሁለተኛው ነው የከበደኝ።

ፈጣም ወንዝ ሩቅ ነው፣ ኬላ አለበት፣ ጉልበቴም ያመኛል። ከተማው ሥር ያለችው ወንዝ ደግሞ በሚያዝያ የልብስ ማጠቢያ ናት፣ ሳሙና ብቻ። ስለዚህ «ወንዝ እምቢ ካለ ዛፍ ሥር» ያለችውን ያዝኩ። ከጓሮዬ ጥግ ያለው ወይራ ሥር ዶሮ እንኳ አይደርስም። ጠዋት ኑርሁሴን ሱቅ ከሄደ በኋላ ስዕሏን ከፍሬሙ አወጣሁ፣ መስታወቱን ለብቻ አኖርኩ፣ ሁሉንም በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ በክር አሰርኩ። ጉድጓዱን ክንድ ያህል ቆፍሬ ጥቅሉን ከበርጩማ ላይ ላነሳ ዞር ስል የእንቁ ራስ ከአጥሩ በላይ ነው።

«ምን እየተከልሽ ነው?»

«ድንች።»

«ነጭ ጨርቅ ለብሶ?»

«ብርድ እንዳይመታው።»

«በሚያዝያ?»

«አንቺ ሥራ የለሽም እንዴ?»

«የለኝም» አለች። ክንዷን አጥሩ ላይ አጣጥፋ ተመቻቸች። «ክሩንስ ስንት ጊዜ ነው የቋጠርሽው? ሰባት ነው?»

ያኔ ነው የራሴን እጅ ያየሁት። ነጭ ጨርቅ፣ ቋጠሮ፣ ከጨርቁ ሥር የሚያፈስ ቀይ ዱቄት፣ ዛፍ ሥር የተቆፈረ ጉድጓድ። እኔ ራሴ የሌላ ሴት ጓሮ እንዲህ ሲደረግ ባይ እስከ ቁጭ ከተማ ድረስ የማይሰማ ሰው አላስቀርም ነበር። ካማላም ያዘዘችኝ የክብር አሸኛኘት በኛ አገር ዓይን መተት ነው። ቁልጭ ያለ መተት። ጥቅሉን በነጠላዬ ሸፍኜ ገባሁ።

ኑርሁሴን ምሳ ሳይደርስ መጣ፣ ሱቁን ዘግቶ።

«እማ፣ ምን ቀበርሽ?»

«ምንም አልቀበርኩም። ጉድጓዱን ሂድና እይ።»

«ጉድጓዱን አየሁት። ገበያው ሁሉ ስለ ጉድጓዱ ነው የሚያወራው።» ቁጭ አለ። ሲቆጣ አይጮህም፣ ልክ እንደ አባቱ ነው። «እኛ ከሰው ጋር ነው የምንኖረው። ነገ የአንዱ ላም ብትሞት፣ የአንዱ ልጅ ቢታመም፣ እዚህ ግቢ መጥተው ነው የሚቆፍሩት። ቢቆፍሩ ደግሞ ያገኛሉ። ለምን ለቁራሌ አትሰጪውም? ነሐስ ነው።»

«ቁራሌው ጆንያ ውስጥ ከተሰበረ ድስትና ከጫማ ጋር ይጨምረዋል።»

«እና?»

«እና ሴትየዋ ስትሞት የጠየቀችው እሱን ነው።»

ካማላም ሱቁ ስትመጣ ለሱ ብላ ሙዝ በቅጠል ጠቅልላ ታመጣለት ነበር። «በቃ እንደፈለግሽ» አለ። «ግቢያችን ውስጥ ግን አይደለም። ወንዝም ከሄድሽ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየሽ ሂጂ። የተደበቀ ነገር ነው መተት የሚመስለው።»

ምክሩ ልክ መሰለኝ። እኔም ስልኩ በተደወለ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ዘንቢል ያዝኩ፣ ጥቅሉን ከታች አስቀምጬ ጎመን ከላይ ደረብኩበት። መሬት እንዳይነካ ባጃጅ ውስጥም ጭኔ ላይ ነበር። ኬላው ጋ ሁሉም ውረዱ ተባለ። ከኬላው እስከ ድልድዩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ፈጣም ይሰማኛል፤ በዚያ በበጋ እንኳ ድንጋዩን እየመታ ሂድ ሂድ ይላል።

ኬላው ላይ ያለው ሚሊሻ መልካሙ ነው፣ የእንቁ የእህት ልጅ። ሲወለድ ገንፎ የበላሁበት ነው።

«ይቅርታ እማ ዘሀራ፣ ትእዛዝ ነው» አለና ዘንቢሉን ጠየቀኝ።

«ጎመን ነው ልጄ።»

«ጎመን ይዘው ወደ ወንዝ?»

«ላጥበው።»

ጎመኑን አነሳ። ጨርቁን ፈታ። ዝሆኑ ፀሐይ ሲያገኝ አበራ። መልካሙ እጁን ሳበና ቀይ የሆነ ጣቱን አየ፣ ከዚያ ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ደግሞ ሱሪውን ስለነካው ደነገጠ። ከባጃጁ የወረዱት ሰዎች ወደ ኋላ አሉ። ከነሱ መሐል ያቺ ሽንኩርት ሻጭ አለች።

«ይኼ ያ ነው» አለች። «አስተዳዳሪውን የያዘው ዝሆን።»

«የቱን አስተዳዳሪ?» አለ አንዱ።

«የኮሌጁን። ምላሱን ያሰረው። ይኸው ደወሉ፣ ይኸው ውሃው።»

«እማ» አለ መልካሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በማን ላይ ነው?»

«በማንም ላይ አይደለም። የሞተች ሴት አደራ ነው። የምትጸልይበት ነው። ወንዝ ይሂድ ብላ ነው፣ እዚህ ጋ ነው፣ ሠላሳ እርምጃ። ከኔ ጋር ና፣ ቆመህ እይ፣ ላስገባውና እንመለስ።»

«እዚህ ወንዝ ላይ?» አለች ሽንኩርት ሻጯ። «ከታች ታቦት ለጥምቀት የሚወርድበት አለ። ከብት ይጠጣል። ልጅ ይታጠባል።»

«አስተዳዳሪው ምንም አልሆነም!» አልኩ። በዚያን ቀን የጮህኩት ያኔ ብቻ ነው። «ተዛወረ እንጂ አልታመመም። ያን ወሬ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ስም አልጠራችም፣ ቅቤ አልሰጠችም። ከራሴ ጨምሬ ነው።»

ሁሉም አዩኝ። አንድ ሽማግሌ ከባጃጁ ጎን ቆመው፣ «አሁን ሲይዟት ዋሸሁ ትላለች» አሉ፣ ለኔ ሳይሆን ለመሬቱ።

በሕይወቴ ስንት ነገር ፈጥሬ ተናግሬ ታምኜያለሁ። እውነቱን የተናገርኩ ቀን የሰማኝ ወንዙ ብቻ ነው፣ እሱም ዝም ብሎ ያልፋል።

መልካሙ ወደ ቀበሌ መሄድ አለብን አለ። ግን ዘንቢሉን የሚይዝ ጠፋ። «እርስዎ ይያዙት እማ» አለኝ። መቼም ይኼ አልከፋኝም፤ ከሌላ እጅ የኔ ይሻላል። ያን መንገድ በእግሬ፣ ዘንቢሉን ደረቴ ላይ አቅፌ ተመለስኩ። ባጃጁ አልጭንም አለ። ከኋላዬ ሰው ይጨምራል፣ ከፊቴ ሰው ይበተናል።

የቀበሌው ሊቀመንበር፣ እንዳለው የሚባለው፣ ደህና ልጅ ነው። ወንበር አቀረበልኝ፣ ውሃ ሰጠኝ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻ ሰማኝ።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለ። «ደግሞም የሰው ሃይማኖት ነው፣ ይከበራል። ግን ውጭ ያለውን ሰው አይተውታል። አሁን ለእርስዎ መልሼ ብሰጥዎት እርስዎንም እኔንም አይለቁንም። ለጊዜው እዚህ ይቀመጥ። ከፍኖተ ሰላም፣ ከዞን፣ የባህል ባለሙያ መጥቶ ይየውና ቅርስ ነው፣ መተት አይደለም ብሎ ይጻፍልን። በጽሑፍ ከሆነ ሕዝቡም ይሰማል።»

«መቼ ይመጣል?»

«መንገዱ ሲከፈት።»

«መንገዱ መቼ ይከፈታል?»

እንዳለው ወደ መስኮቱ አየ። ፍኖተ ሰላም ድሮ ጠዋት ሄደው ከሰዓት የሚመለሱባት ናት። መኪና ከሄደ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

ወደ መጋዘኑ ወሰደኝ። አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ወንበር፣ ጥግ ላይ ደግሞ፣ ያለ ፈቃድ ሲነግድ ከተያዘ ሰው የተወረሰ የበሬ ቆዳ ተከምሯል። ቆዳው ገና አልደረቀም፣ ይሸታል። ግድግዳው ላይ መደርደሪያ አለ።

«እዚያ ላይ ላድርገው» አልኩት።

«እሱ የሰነድ መደርደሪያ ነው እማ።»

«ከጥግ ትንሽ ቦታ ብቻ።»

«ሰነድ ከዚህ ጋር ተቀመጠ ቢባል ሠራተኛው ነገ ፋይል አያወጣልኝም። ከአሁኑ እየፈሩ ነው።»

«ጎማው ላይስ?»

ጎማው ላይ እሺ አለኝ። ነጠላዬን አጣጥፌ ጎማው ላይ አነጠፍኩ፣ ዘንቢሉን በላዩ አኖርኩት፣ የዝሆኑን ፊት ከቆዳው አዞርኩት። እንዳለው በሩን ቆልፎ ወረቀት ለጠፈበት፣ ማኅተም አደረገበት፣ ፈረመ፣ እኔንም አውራ ጣቴን አስነከረኝ። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ያ የግንባሯ ቀይ ትዝ አለኝ።

በማግስቱ በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ስንጥቅ ማየት ልማዴ ነው። ጎማውን አንድ ሰው ወስዶታል፤ የቀበሌው መኪና ጎማ ፈንድቶ ኖሯል። ማኅተሙ ተቀዶ ሌላ ተለጥፏል። ዘንቢሉ መሬት ላይ ነው። በእጅ እንዳልተነሳ ያስታውቃል፤ በዱላ ገፍተውት ወደ ቆዳው ተጠግቷል። የጥበቃው የዝናብ ቦት ከጎኑ ቆሟል።

እንዳለው ዘንድ ገባሁ። «በሩን ክፈትልኝና ላንሳው፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም» አልኩት። ማኅተሙን ደጋግመን ከቀደድን ራሳችን እንጠረጠራለን አለኝ። ጥበቃውን ለመንኩት፤ «እኔ ሚስት አለችኝ እማ» አለና ከበሩ ራቀ። ሼህ አብዱረህማን ሄደው ተናገሩልኝ፤ በአክብሮት ተቀብለው በአክብሮት ሸኟቸው። የእንቁን የነፍስ አባት፣ ቄስ ገብረ ሕይወትን እንኳ ለመንኩ። እሳቸው ደግ ሰው ናቸው፤ «እኔ ገብቼ ባነሳው መተት ነው ብዬ የፈታሁት ይመስላል፣ ነገሩ ይብስብሻል» አሉኝ። እሳቸውም ልክ ናቸው። ያነጋገርኩት ሰው ሁሉ ልክ ነበር። ኑርሁሴንም ካማላም ካረፈች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሱቁን ዘግቶ ሄዶ እንዳለውን ከአንድ ሰዓት በላይ ተሟገተ። ሲመለስ እግሩን ታጥቦ ተቀመጠና፣ «ጨርቁ ተፈትቷል» አለኝ። «ስዕሏ ትታያለች።»

«ወደ ላይ ናት ወይስ ተደፍታለች?»

«ወደ ላይ ናት።» አላመንኩትም። እሱ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካል።

እንቁ በነዚያ ቀናት አጥሩ ጋ አልመጣችም። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት መጣች። ዓይኗን ወደኔ አላነሳችም፣ አንድ ሳህን ባቄላ በአጥሩ አቀበለችኝ።

«እኔ እኮ ድንች ነው ያልኩት» አለች። «ለሰው ሁሉ ድንች ነው ብዬ ነው የነገርኩት።»

«አውቃለሁ።»

«የክሩን ነገር ብቻ ነው የጨመርኩት።»

እኔም ቅቤና ስኳር ነው የጨመርኩት።

ስልኩ የጠራው እሷ እዚያው ቆማ ሳለ ነው። የመምህሩ ቁጥር ነው። አነሳሁ። ከኋላው ሰው ይበዛል፣ ሴቶች ይሰማሉ፣ ዕቃ ይንኳኳል።

«እማ ዘሀራ፣ ዛሬ ነው» አለ።

«አዎ፣ ዛሬ ነው።»

«ውሃው ወሰደው?»

ይኼን ያህል ዓመት አፌ ከሐሳቤ ቀድሞ ሲሮጥ ኖሮ ያን ጊዜ ቆመ። ስለ ኬላው ልንገረው? ስለ ቆዳው? ባሕር ማዶ እንደ ወጋቸው የሚስቱን አስከሬን አቃጥሎ የተቀመጠ ሰው፣ ሊመጣ የማይችል፣ ምን ሊያደርግበት ነው። እንቁ ባቄላዋን ትታ ታየኛለች።

«ወሰደው» አልኩ።

«ሂድ ሂድ የሚል ውሃ ነበር?»

«ፈጣም ነው። በጣም ሂድ ሂድ ይላል።»

«መስታወቱንስ?»

«መስታወቱን አውጥቻለሁ። የማንም እግር አይቆረጥም።» ይኼ እንኳ እውነት ስለነበረ ቶሎ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ከኋላው ላሉት በቋንቋቸው ነገራቸው። አንዲት ሴት ማልቀስ ጀመረች፣ ልጇ ትሆናለች። እሱም ድምፁ ተሰበረ። «አላህ ይስጥዎት» አለኝ፣ የኛን ምርቃት ከኛው ቤት ተምሮት ኖሯል። ከዚያ ኔትወርኩ ሄደ።

እንቁ፣ «ምን አለሽ?» አለች።

«ሰላም ብሎሻል» አልኳት።

ጠበቀች። አንገቷን ሰገግ አድርጋ ጠበቀች፤ እኔ መቼም ወሬ እዚያ ላይ አቁሜ አላውቅም። ባቄላውን ይዤ ገባሁ።

መንገዱ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። ባዶዋ መደርደሪያ በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነች ናት፤ ኑርሁሴንም ጨው ልክመርበት አይልም፣ ናጂሃም ገመድ አልዘረጋችም። ፍሬሙ እኔ ጋ አለ፣ ምንም አላስገባሁበትም። በየቀኑ ወደ ቀበሌው የሚወስደኝ ጉዳይ ፈልጌ አላጣም፣ እግረ መንገዴን በስንጥቁ አያለሁ። ቀይ ዱቄቱ ሲሚንቶው ላይ ፈሷል፣ የቦቱ ዱካም ቀይ ሆኖ እስከ በሩ መጥቷል። ክረምት ሲገባ መጋዘኑ ያፈሳል ይላሉ፤ መውጫ ስለሌለው ውሃው እስከ ቁርጭምጭሚት ይቆማል አሉ።

ቆሞ ውሃ አይደለም፣ ብላኝ ነበር።